የክፍል ጓደኞቻችን ሥዕል

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



የጉባኤው አዘጋጆች ይህን ሰዓት ሲሰጡኝ፣ ተራዬ ከዓመቱ ሪፖርትና ከሒሳብ መግለጫው ቀጥሎ ስለሆነ፣ ነገሬ ቀለል ያለና ፈገግ የሚያሰኝ እንዲሆን አደራ ብለውኛል። እኔም አደራውን ተቀብዬ፣ ሁላችንም መምህራን እንደ መሆናችን መጠን በየዓመቱ በዓይናችን ስለምናየው፣ ነገር ግን ቆም ብለን ስለማንመረምረው ጉዳይ ጥቂት ለመናገር መርጫለሁ። ይኸውም የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ከጓደኞቹ ከመለያየቱ በፊት ስለ እያንዳንዳቸው የሚሥለው ሥዕል ነው።

ሥዕል ስል የቀለምና የሸራ ሥራ ማለቴ አይደለም። አንድ ቅጽል ስም፣ አንድ ቀልድ፣ በሁለት ዐረፍተ ነገር የሚያልቅ አንድ ታሪክ ማለቴ ነው። ሰውን በአንድ ቃል መሣል በአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። ነገሥታቱና መኳንንቱ በፈረስ ስማቸው ይጠሩ ነበር፤ አፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው። እያንዳንዱ ስም የባለቤቱን ጠባይ ወይም ሊታይበት የሚሻውን መልክ ይናገራል። ነሐሴ 13 ቀን በቡሄ በየደጃፉ የሚጨፍሩት ልጆችም የቤቱን ጌታ አይተው፣ ቸርነቱን ወይም ንፉግነቱን በግጥም ሥለው ያልፋሉ። ስለዚህ የክፍል ተማሪ ለጓደኛው ስም ሲያወጣ ከአባቶቹ የወረሰውን ሥራ ይሠራል እንጂ አዲስ ብልግና አልፈጠረም።

እኔ ልናገርለት የምፈልገው ክፍል በደብረ ታቦር የነበረ ነው። ከተማይቱ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች፣ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚደርሰው የጉና ተራራ ብርዱን ሳይሰስት የሚልክላት አገር ናት። ያን ጊዜ በጎንደር ክፍለ ሀገር ሥር ነበረች። በ1975 ዓ.ም. ዘጠነኛ ክፍል ስንገባ 63 ነበርን፤ በ1978 ዓ.ም. በመጨረሻው ፎቶግራፍ ላይ ግን የምንታየው 41 ነን። ከእኛ መካከል የከተማ ልጆች ጥቂቶች ነበሩ። የቀሩት ከገሳይ፣ ከክምር ድንጋይና ከእስቴ ዳርቻ መጥተው፣ አንድ ጠባብ ቤት ለአራትና ለአምስት ተከራይተው፣ በየሳምንቱ ስንቃቸውን ከቤተ ሰብ እያመጡ የሚማሩ ነበሩ። ሁሉም ቅጽል ስም ነበረው። ለእኔ የወጣውን ስም ግን የዚህ ጉባኤ ክብር ስለማይፈቅድ አልናገረውም።

በመጀመሪያ «ሴባስቶፖል»ን ላስተዋውቃችሁ። ከደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው በጋፋት፣ አፄ ቴዎድሮስ በአውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች ያሠሩት ታላቁ መድፍ እስከ መቅደላ ድረስ በሰው ጉልበት መጎተቱን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ጓደኛችንም ከገሳይ የመጣ፣ ቁመቱ የዘለገ፣ ትከሻው የሰፋ ልጅ ሲሆን፣ ጠዋት ከመኝታው የሚነሣው አንዱ እጁን ሌላው እግሩን ይዞ ሲጎትተው ብቻ ነበር። ብርዱ ሲበረታ ሦስተኛ ሰው ይጨመራል። ደወሉ ከተደወለ በኋላ ደርሶ በሩን ሲያንኳኳ፣ መምህሩ «ማነው?» ሳይሉ «መድፉ ደረሰ» ብለው ይከፍቱለት ነበር። ዛሬ ይህ ሰው ቻይናውያን በሠሩት የወረታና የወልድያ መንገድ ላይ ከባድ የጭነት መኪና ይነዳል። መጨረሻ ያየሁት ዳገት ላይ የተበላሸ አውቶቡስ በሰንሰለት አሥሮ ሲያወጣ ነው። «እናንተ የጎተታችሁኝን ያህል ጎትቼ ዕዳዬን ከፍያለሁ» አለኝ።

ሁለተኛው «የኔታ» ነው። ይህ ጓደኛችን በዕድሜ ከሁላችን ይበልጥ ነበር። ወደ አስኳላ የመጣው የቅኔ ቤት ትምህርቱን አጋምሶ ስለሆነ፣ ከሁለት ቤት ጉባኤ ቃና እስከ ስምንት ቤት መወድስ ያለውን መንገድ ያውቀዋል። ከዚህም የተነሣ ማንኛውም ዐረፍተ ነገር ሰምና ወርቅ ሳይኖረው የተጻፈ አይመስለውም ነበር። የእንግሊዝኛው መምህር «ድመቷ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣለች» የሚለውን ዐረፍተ ነገር በሰሌዳ ላይ ሲጽፉ፣ የኔታ ጋቢውን አስተካክሎ ይነሣና «ሰሙ ገብቶኛል፤ ወርቁን ቢያብራሩልን» ይላል። ምርጫ ያለበት ፈተና በተሰጠን ቀን ደግሞ ከአራቱ መልሶች አንዱን መምረጥ እንዳለበት ሲነገረው አዘነ። «አራቱም ትክክል ናቸው፤ የሚለያዩት በምሥጢር ነው» ብሎ አራቱንም አከበበ። ሆኖም በአማርኛ ድርሰት የሚደርስበት አልነበረም፤ መምህሩም የእርሱን ደብተር ወደ ቤታቸው ወስደው ለባለቤታቸው ያነቡላቸው እንደ ነበር ሰምተናል።

ሦስተኛው «የጀርመን ድምፅ» ይባላል። የዶይቸ ቬለ የአማርኛ ሥርጭት ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን ይደመጣል፤ የጓደኛችን ሥርጭት ግን ከእርሱም ይቀድም ነበር። ወሬን ከመድረሱ በፊት ያውቃል። ፈተናው መተላለፉን፣ የመምህሩን መዛወር፣ የርእሰ መምህሩን መታመም፣ ሁሉንም ከምንጩ እንደ ሰማ አድርጎ ይነግረናል። በአራት ዓመት ውስጥ ስምንት ጊዜ ፈተና ተላለፈ ብሎናል፤ ስምንት ጊዜም በማግሥቱ ተፈትነናል። በዘጠነኛው ጊዜ ማንም ሳያምነው ቀረና በእርግጥም ፈተናው ተላለፈ። እርሱም እስካሁን የሚያስታውሰው ይህችን አንዷን ብቻ ነው። ዛሬ የአንድ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ሲሆን፣ ሥራ በጀመረ ዕለት ያወጣው የመጀመሪያ ትእዛዝ «ማስታወቂያ ሁሉ በጽሑፍና በማኅተም ይሁን» የሚል ነው።

አራተኛው «ግምጃ ቤት» ነው። አምስት ሆነው በተከራዩት ቤት ውስጥ የስንቁ ኃላፊ እርሱ ነበር። ድርቆሹን በማስመሪያ ለክቶ፣ ቆሎውን በኩባያ ሰፍሮ ያካፍላል፤ ኩባያው ላይ የተረፈች ፍሬ ካለች እንኳ እንደ ተራቸው ይሰጣል። በዚህ ሥርዓቱ ብዙ ሣቅንበት፤ ንፉግ አልነው፤ ከበርማ ቤት ያመለጠ ቀበሌ ሊቀ መንበር አልነው። በ1977 ዓ.ም. አገሪቱ በረኃብ በተመታችበት ዓመት ግን ከየቤቱ የሚመጣው ስንቅ ግማሽ ሆነ። በግምጃ ቤት ኩባያ የሚሰፈረው ድርሻ ግን እንደ ቀድሞው ነበር። ይህ እንዴት ሊሆን እንደሚችል ለመመርመር ሒሳብ የሚያስብ ሰው ያስፈልግ ነበር፤ ያን ሒሳብ ያሰበችውም ቀጥዬ የማነሣት ልጅ ናት። «ግማሽ ገብቶ ሙሉ የሚወጣው አንዱ የራሱን ሲተው ነው» አለች። ከዚያን ዕለት በኋላ ግምጃ ቤት ንፉግ ተብሎ አያውቅም፤ ጓደኞቹም ኩባያውን ቀምተው ራሳቸው መስፈር ጀመሩ።

አምስተኛዋ እንግዲህ ይህች ልጅ ናት። ቅጽል ስሟ «ሁለቷ» ነበር። አንድ ቀን የሒሳብ መምህራችን ረጅም ቀመር በሰሌዳው ላይ ሲጽፉ፣ ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ሲሻገሩ አንዲት ቁጥር ወደቀችባቸው። እርሷ ከኋላ ተነሥታ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ «ይቅርታ መምህር፤ ሁለቷ የት ገባች?» አለች። መምህሩ ዞር ብለው አይተው ሣቁና ሁለቷን መለሷት። ከዚህ በኋላ በክፍላችን አንድ ነገር ሲጎድል፣ እርሳስም ቢሆን ጫማም ቢሆን፣ «ሁለቷ የት ገባች?» ማለት ልማድ ሆነ። ልጅቱ ውኃ ቀድታ፣ እንጀራ ጋግራ፣ ማታ በኩራዝ አጥንታ የምትመጣ ስትሆን፣ በሒሳብ ከወንዶቹ ሁሉ ትቀድም ነበር።

በአሥራ አንደኛው ክፍል የፋሲካ ዕረፍት ካለቀ በኋላ አልተመለሰችም። ተድራለች ተባለ። ስም ሲጠራ መምህሩ በስሟ ላይ ደርሰው ለማለፍ ሲሉ፣ ያ ማንም ሳይጎትተው ተነሥቶ የማያውቀው ሴባስቶፖል በራሱ ጉልበት ብድግ አለና «መምህር፤ አንዷስ የት ገባች?» ብሎ ጠየቀ። ክፍሉ ጸጥ አለ። የሣቀ ሰው አልነበረም። መምህሩ ጠመኔውን አስቀመጡ፤ በሳምንቱ መጨረሻም ሽማግሌ ይዘው ወደ ቤተ ሰቦቿ ሄዱ። ነገሩ ግን ካለፈ በኋላ ነበር። በዚያን ጊዜ ጸንቶ በነበረው በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ለሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜ 15 ዓመት ስለ ነበር፣ ሕግ ጠቅሶ የሚከራከርላት አልተገኘም። ዕድሜው 18 የሆነው በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ነው። ጓደኛችን ዛሬ በከተማው የእህል ንግድ አላት። ገብስና ባቄላ የሚያመጡት ገበሬዎች ሚዛኗን ያምኑታል፤ ሊያታልላት የሚሞክር ነጋዴ ካለም አሁንም «ሁለቷ የት ገባች?» ትለዋለች ይባላል።

ክቡራንና ክቡራት፤

ነገሬ ቀላል እንዲሆን ቃል ገብቼ ወደዚህ የደረስኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የማትሪክ ውጤት በተለጠፈ ዕለት፣ እነዚህ ሁሉ ሥዕሎች በአንድ ጊዜ ወደ ፊደል ተለወጡ። ከ41 ሰዎች ዩኒቨርሲቲ የገባነው አራት ብቻ ነን። የኔታ አላለፈም፤ ግምጃ ቤትም አላለፈም። በሰሌዳው ላይ ከተለጠፈው ወረቀት ማን ጓደኞቹን በረኃብ ዘመን እንደ መገበ፣ ማን ስለ ጎደለች ልጅ ብድግ ብሎ እንደ ጠየቀ የሚናገር መስመር አልነበረም፤ ሊኖርም አይችልም። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1982 ዓ.ም. ጦርነቱ ጉና ላይ ሲደርስ፣ ከፎቶግራፉ ላይ ካሉት መካከል በየወገኑ ተሰልፈው ያልተመለሱ አሉ። ስለ እነርሱ ዛሬ የቀረልን የሰርተፍኬታቸው ቅጂ አይደለም። የቀረልን ያ ቅጽል ስምና ያ ቀልድ ነው።

ፈተና ይቅር የምል አይደለሁም። ፈታኝ የሌለው ትምህርት ሚዛን የሌለው ገበያ ነው። ነገር ግን የቁጥሩን ልክ ማወቅ ይገባናል። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተማሪዎች 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ ነበሩ። ይህ ማለት ከመቶው ዘጠና ስድስቱ ከትምህርት ቤት ሲወጡ፣ አገራቸው ስለ እነርሱ በጽሑፍ የተናገረችው ነገር «አላለፈም» የሚል ብቻ ሆነ ማለት ነው። ከመቶ ሰው ዘጠና ስድስቱን በአንድ ቃል የሚሥል ሠዓሊ፣ እውነት እጁ ልምድ አለው እንላለንን?

በዘመናችን ተመራቂዎች የምረቃ መጽሔት ያሳትማሉ። ጋውንና ቆብ ለብሰው የተነሡት ፎቶግራፍ፣ ከሥሩም የመጨረሻ ቃል የሚሉት አጭር ጽሑፍ ይታተማል። መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን ብዙዎቹን ገልጠን ስናይ፣ ፊቱ ይለያያል እንጂ ቃሉ አንድ ነው፤ ሁሉም አምላኩንና ወላጆቹን አመስግኖ፣ ሕይወት ትግል መሆኗን ተናግሮ ያበቃል። ስለ ራስ መጻፍ እንዲህ ያለ ደንብ አለው። ስለ ጓደኛ ሲጻፍ ግን ብዕሩ ይፈታል፤ ሰው የራሱን ጀርባ ማየት አይችልምና።

ስለዚህ ለማኅበራችን አባላት ሦስት ትንንሽ ሐሳቦች አቀርባለሁ። አንደኛ፣ በምረቃ መጽሔት ላይ እያንዳንዱ ተማሪ ስለ ራሱ ሳይሆን አጠገቡ ስለ ተቀመጠው እንዲጽፍ እናድርግ። ሁለተኛ፣ ለቀልዱ አንድ ወሰን እናብጅለት፤ ይኸውም የልጁ እናት በተቀመጡበት ጮክ ተብሎ ሊነበብ የማይችል ነገር አይጻፍ። «ሴባስቶፖል» ይህን ወሰን ያልፋል፤ እናቱ ሲሰሙት ከእኛ ይልቅ ሥቀዋልና። የአካል ጉድለትን፣ ድኽነትን፣ ዘርን የሚነካ ስም ግን ወሰኑን አያልፍም፤ እርሱ ሥዕል ሳይሆን ጠባሳ ነው። ሦስተኛና ዋናው፣ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ አብረው ተምረው ከፎቶግራፉ ለጎደሉት አንድ ገጽ ይተውላቸው። በእኛ መጽሔት ላይ ለ22 ሰዎች የሚሆን ገጽ ያስፈልግ ነበር። ገጹን ለመሙላት ተማሪዎቹ የት እንደ ገቡ መጠየቅ ግድ ይሆናል፤ መጠየቅ ከተጀመረ ደግሞ ከፋሲካ በፊት ሊደረስላት የሚቻል አንዲት ልጅ አትጠፋም።