ሳቅና ጥይት በአንድ ፊልም

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ምሽት የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባችን አንድ ወንድማችን፥ ሁለት ፖሊሶች ወንጀለኛ እያሳደዱ የሚቀላለዱበትን ፊልም «ልቅሶ ቤት እንደ መቀለድ ነው» ሲል ነቅፎታል። እኔ ከነቀፌታው ግማሹን ብቻ እቀበላለሁ። በልቅሶ ቤትም ቢሆን ሌሊቱ ሲገፋ የሚያስቅ ሰው እንደማይጠፋ እናውቃለን። ጥያቄው ሳቁ ከየት መጣ ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1987 ዓ.ም. ሪቻርድ ዶነር ያዘጋጀውን «ሊተል ዌፐን» የተባለውን ፊልም እንመልከት። ዳኒ ግሎቨር የሚጫወተው ሙርታው 50 ዓመት የሞላው፥ ልጆች ያሉት፥ ጠንቃቃ ፖሊስ ነው። ሜል ጊብሰን የሚጫወተው ሪግስ ግን ሚስቱ ሞታበት መኖር ያስጠላው ሰው ነው፤ ብቻውን ሲሆን ሽጉጡን አፉ ውስጥ ሲከት እናየዋለን። ሙርታው የተጣመረው እንግዲህ ከዚህ ሰው ጋር ነው።

ከፎቅ ላይ ራሱን ሊወረውር የቆመ ሰው አለ። ሪግስ ሊያባብለው ይወጣል፤ ሲጋራ ይጋብዘዋል። ከዚያ የሰውየውን እጅ ከራሱ እጅ ጋር በካቴና ይቆልፍና ይዞት ይዘላል! ከታች አየር የተነፋ ፍራሽ ስለ ተዘረጋ ሁለቱም ይተርፋሉ። ሊሞት የወጣው ሰው ለነፍሱ ሲጮኽ እንስቃለን። ወዲያው ግን ሙርታው ባልደረባውን ወደ ባዶ ሱቅ ጎትቶ ያስገባና፥ በእርግጥ መሞት ይፈልግ እንደሆነ ይጠይቀዋል፤ ሽጉጡንም ይሰጠዋል። ሪግስ ቃታውን ሊስብ ሲል ሙርታው በጣቱ ባያግደው ኖሮ ነገሩ አብቅቶ ነበር። ሳቃችን ጉሮሯችን ላይ ይቀራል። ያሳቀንም ያስደነገጠንም ያው አንዱ እብደት ነው።

በ1982 ዓ.ም. በወጣው በዋልተር ሂል «48 ሰዓት» ውስጥም እንዲሁ ነው። ኤዲ መርፊ ለሁለት ቀን ከወህኒ የተዋሰ ጥቁር እስረኛ ሆኖ፥ የሰው የፖሊስ ምልክት ይዞ፥ ጥቁር የሚጠሉ ነጮች በሞሉበት መጠጥ ቤት ይገባል። ቢነቁበት ምን እንደሚያደርጉት ስለምናውቅ ነው የምንስቀው።

አሁን ደግሞ የ«ሊተል ዌፐን» አራተኛው ክፍል፥ በ1998 ዓ.ም. የወጣው። መንገድ ላይ እሳት የሚተፋ መሣሪያ የያዘ ሰው አለ፤ ሪግስም ሙርታውን በውስጥ ሱሪ አስቀርቶ እንደ ዶሮ ክንፍ ያስመታዋል። ብልሃቱ ጠላትን ለማዘናጋት ነው። አልዋሽም፥ ስቄያለሁ። ነገር ግን ሙርታው ይቃጠላል ብዬ ለአንዲት ደቂቃ እንኳ አልሰጋሁም፤ ሳቄም ከዚያው ከመቀመጫዬ አልተነሣም።

ወንድማችን የነቀፈው ይህን ዓይነቱን ከሆነ አብሬው ነኝ። የመጀመሪያውን ግን አይቶት ይሁን ሳያየው የፈረደው፥ አሁን ተነሥቶ እንዲነግረን እጠይቀዋለሁ።