እዳዬን ስናስብ

(በወልቂጤ ለማኅበራችን አባላት የተደረገ ንግግር)



ልጆቻቸው «እዳዬ» የሚሏቸው አበበች ጎበና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለግሸን ማርያም ንግሥ ወሎ ሲሄዱ ረሃብ ገብቶ ነበር። የያዙትን ዳቦ አካፍለው፣ ሁለት ልጆች ይዘው አዲስ አበባ ተመለሱ። በዓመቱ ልጆቹ 21 ሆኑ። ባለቤታቸው አልተስማሙም፤ እሳቸውም ቤታቸውን ትተው ከልጆቹ ጋር ጎጆ ገቡ። በኋላ ድርጅታቸው በሺህ የሚቆጠሩ ልጆችን ረዳ። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. አረፉ።

እኔን የሚከነክነኝ የጎጆው ጊዜ ነው። እኛ እንሰት ስንፍቅ እንኳ ተሰባስበን ነው። የሙት ልጅ የምታሳድግ ጎረቤታችንን ታዲያ ለምን ብቻዋን እንተዋታለን? በየወሩ ቁጠባ ከመሰብሰባችን በፊት «የማን ቤት ልጅ ተጨመረ?» ብለን እንጠያየቅ።

የእዳዬን ነፍስ ይማር።