ከስኳር የተሠራ ጌጥ ሳይበላሽ እንዲቆይ ስለ ማድረግ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በኬሚስትሪ ክበብ ስም የተነገረ)



እንድናገር የታዘዝኩት ስለ አንድ ትንሽ ነገር ነው። ወደዚህ አዳራሽ ስትገቡ ከበሩ በስተ ቀኝ በመስተዋት ሣጥን ውስጥ የቆመውን የስኳር ቤት ሳታዩት አልቀራችሁም። የድሮው ደወል ቤታችን ምስል ነው። እውነተኛው ደወል ቤት አዲሱ ሕንፃ ሲሠራ ፈርሷል። ምስሉን የሠሩት ለብዙ ዘመን የባልትና ትምህርት ያስተማሩን መምህርት ናቸው፤ ባለፈው ዓመት ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ቀን ሲቀራቸው «እስከሚመጣው በዓል አቆዩልኝ» ብለው ለክበባችን አስረከቡን። አደራውን እንዴት እንደ ጠበቅነው ስናገር ጥቂት ማፈሬ አይቀርም።

በግንቦት ስንረከበው ግድግዳውና ጣራው ነጭ፤ መስኮቶቹ እንደ መስተዋት ብርሃን የሚያሳልፉ፤ በደጁም አምስት ቀይ ጽጌረዳዎች የተተከሉበት ነበር። እኛም ሰው ሁሉ እንዲያየው ብለን በቤተ መጻሕፍቱ መደርደሪያ ላይ ሳንከድነው አስቀመጥነው። ሐምሌ ገብቶ ዝናቡ ሲበረታ ጽጌረዳዎቹ ያልባቸው ጀመር፤ ሲነኩም ከጣት ጋር ይጣበቁ ነበር። አንዱ ጓደኛችን «ሙቀት ነው» አለ፤ ሁላችንም አምነን አበቦቹን ነቅለን ማቀዝቀዣ ውስጥ አገባናቸው። በማግስቱ ስናወጣቸው ውሃ እንደ ጤዛ አለበሳቸው። ቀዝቃዛ ነገር ወደ ሞቃት አየር ሲወጣ በአየሩ ያለው እንፋሎት ውሃ ሆኖ እንደሚያርፍበት ሁላችንም ተምረናል፤ ለፈተናም ጽፈነዋል፤ በዚያን ቀን ግን ትዝ ያለው አልነበረም። ቀጥለንም እንዲደርቁ ብለን ፀሐይ ላይ አሰጣናቸው። ማታ ስንመለስ አምስቱ ጽጌረዳዎች አንድ ቀይ ኩሬ ሆነው አገኘናቸው፤ ጉንዳኖችም ከእኛ ቀድመው ደርሰው ነበር።

ከመደርደሪያው ያልተነሡት መስኮቶች ደግሞ በሌላ መንገድ ተበላሹ። አልቀለጡም፤ ነገር ግን ጥራታቸው ጠፍቶ ሞራ እንደ ያዘው ዓይን ነጡ። ግድግዳውና ጣራው አንዳች አልሆኑም። ሁሉም ከአንድ ከረጢት ስኳር ተሠርተው ሳለ ይህ ልዩነት ከየት መጣ? ክበባችን ክረምቱን ሙሉ የተከራከረው በዚህ ነው።

መልሱ እንዲህ ሆኖ ተገኘ። በጣሳ የምናስቀምጠው ስኳር ክሪስታል ነው፤ ቅንጣቶቹ ጠዋት ለሰንደቅ ዓላማ እንደምንሰለፈው በመስመር የተደረደሩ ናቸው። መምህርታችን ግድግዳውንና ጣራውን የሠሩት ይህንኑ ስኳር በጥቂት ውሃ አርሰው፤ በቅርጽ ጠቅጥቀው በማድረቅ ነው። ክሪስታሉ እንዳለ ስለሚቆይ በአየር ያለው እርጥበት ከመቶ ወደ 85 ካልደረሰ በቀር ስኳሩ ከአየር ውሃ ስቦ አይሟሟም። በሜክሲኮ ሕዝቡ ሙታኑን በሚያስብበት በዓል በኖቬምበር 1 እና 2 የሚቀርበው የራስ ቅል ቅርጽ ያለው ስኳርም በዚሁ ዓይነት በቅርጽ እየተጠቀጠቀ ይሠራል፤ ደረቅ ቦታ ከተቀመጠም ለዓመታት ይቆያል።

መስኮቱና አበባው ግን የፈላ ስኳር ናቸው። ስኳር ከጥቂት ውሃ ጋር እስከ 150 ዲግሪ ያህል ሲፈላ ውሃው ሁሉ ለማለት ይቻላል ይጠፋል፤ ወዲያው ሲቀዘቅዝም ቅንጣቶቹ ለመሰለፍ ጊዜ አያገኙም። ተማሪ በዕረፍት ሰዓት በሜዳው ተበትኖ ሳለ «ቁም!» ቢባል በያለበት እንደሚገተር መሆኑ ነው። እንዲህ ያለው ስኳር በአሠራሩ እንደ መስተዋት ነው፤ ከረሜላም ከዚሁ ወገን ነው። ፍጹም ደረቅ ሲሆን ከ60 ዲግሪ በላይ ካልሞቀ አይለሰልስም። ከአየር ጥቂት ውሃ ከጠጣ ግን በቤት ሙቀት እንኳ ይላላል። የተገተሩት ቅንጣቶችም መንቀሳቀስ ሲጀምሩ ወይ ይፈስሳሉ፤ ወይ እንደገና ተሰልፈው ክሪስታል ይሆናሉ። መስኮቶቹ የነጡት ተሰልፈው ነው። ጽጌረዳዎቹ የፈሰሱት ደግሞ ሎሚ ስለ ነበረባቸው ነው፤ ሎሚ ከስኳሩ ከፊሉን ወደ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ይከፍላል፤ ይህም ሲሳብና ሲታጠፍ እንዳይሻክር ይረዳል፤ ነገር ግን ፍሩክቶስ ውሃ አጥብቆ ይወዳል። አበባውን ያሳመረው ነገር ዕድሜውን አሳጠረው ማለት ነው።

የስኳር ጌጥ የሠሩ ሰዎች ጥንትም ብዙ ነበሩ። የፋርሱ መንገደኛ ናስር ኩስራው በ11ኛው መቶ ዓመት በካይሮ ቤተ መንግሥት ግብር ላይ ቅርንጫፉ፣ ቅጠሉና ፍሬው ሁሉ ከስኳር የተሠራ ዛፍ እንዳየ ጽፏል። በ1574 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ ንጉሥ ሄንሪ 3ኛ ቬኒስን ሲጎበኝ በማዕዱ የቀረበው የገበታ ልብስና ዕቃ ከስኳር ነበር ይባላል። ነገር ግን ያ ሁሉ የተሠራው ለአንድ ቀን ድግስ እንጂ እንደ እኛ ዓመት ሊጠበቅ አልነበረም።

በጥቅምት ፍርሃታችንን ዋጥ አድርገን ወደ መምህርታችን ቤት ሄድን። አልተቆጡንም። «ልጆቼ፤ ስኳር ውሃ ሲያይ ዘመዱን ያየ ይመስለዋል» ብለው ሣቁና፤ በደረቁ ወራት አዲስ ጽጌረዳና መስኮት እንዴት እንደሚሠራ በወጥ ቤታቸው አሳዩን፤ ሎሚውንም ወደ ጥቂት ጠብታ አወረዱት። ከስኳር የሚወጣ አይዞማልት የሚባል ነገር እርጥበት በጣም ያነሰ ስለሚስብ ለእንዲህ ያለው ሥራ የተሻለ ነው፤ እኛ ግን በአቅራቢያችን አላገኘነውም።

አበባው በቀዘቀዘ በሰዓቱ ውስጥ ሣጥን ገባ። መድረሻው ይህ ነው፤ አንድ ቀን በክፍት አየር ያደረውን በኋላ መክደን እርጥበቱን አብሮ ማሸግ ነው። የሣጥኑ ጠርዝ በሲሊኮን ተደፍኗል፤ ከሥሩ ባለው ድብቅ መሳቢያ ከጫማ ካርቶንና ከመድኃኒት ብልቃጥ የሰበሰብነው ሲሊካ ጄል አለ። ውሃ ሲጠግብ በ120 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ ለጥቂት ሰዓት ደርቆ ይመለሳል። ብዙ ሰው ሩዝ አድርጉ ይለናል፤ ሞክረነዋል፤ ጉልበቱ ትንሽ ነው። ውሃ ያልነካው የተቃጠለ ኖራ አጥብቆ ይስባል፤ የቀድሞ ከረሜላ ሠሪዎችም ይጠቀሙበት ነበር፤ ነገር ግን ቆዳና ዓይን ያቃጥላልና ተውነው። ቫርኒሽ መንፋትም ይረዳል፤ እርጥበቱን ግን ያዘገየዋል እንጂ አይከለክለውም። ሣጥኑን ከመስኮት አርቀን ያቆምነው ቀይ ቀለሙ በፀሐይ እንዳይለቅ ነው። የጠረጴዛው እግሮች የተነከሩት በዘይት ነው፤ ውሃ ብናደርግ ጉንዳኑን ከልክለን እርጥበቱን በጋበዝን ነበር።

በሣጥኑ ያለው የእርጥበት መለኪያ ዛሬ ጠዋት 22 ያሳይ ነበር። ከ30 እንዳይበልጥ እንጠብቃለን። ከነጡት መስኮቶች አንዱን ሳንለውጥ እንደ ነበረ ትተነዋል፤ በስተ ግራ ያለው ነው።

የክበቡ አባሎች አብዛኞቻችን በዚህ ዓመት እንጨርሳለን። ክረምቱ ሳይገባ ሲሊካ ጄሉን በየሁለት ሳምንቱ የሚያደርቁ ሁለት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ያስፈልጋሉ፤ የምትፈልጉ ስማችሁን በቤተ መጻሕፍቱ ጠረጴዛ ላይ ባለው ደብተር ጻፉ። መምህርታችንም ዛሬ በመካከላችን በሁለተኛው ረድፍ ተቀምጠዋል፤ ከንግግሩ በኋላ ሥራቸውን አብረዋችሁ ያያሉ። ሣጥኑን ግን እባካችሁ አትክፈቱት።