አዲስ አሠልጣኝ ሲመጣ ረዳቶቹ ለምን ይለወጣሉ?

(በተማሪዎች ማኅበር የስፖርት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የማኅበራችን የእግር ኳስ ቡድን አዲስ ዋና አሠልጣኝ ሊቀበል ነው። ሊመጡ ያሰቡት ሰው አንድ ነገር ጠይቀዋል፤ ይኸውም አሁን ያሉት ሁለቱ ረዳቶች ተነሥተው የራሳቸው ሰዎች እንዲገቡላቸው ነው። ገሚሶቻችን «ይህ ግፍ ነው» ስንል፥ ገሚሶቻችን ደግሞ «የሥራው ልማድ ነው» ብለናል። ድምፅ ከመስጠታችን በፊት ነገሩን ከሥሩ ብናየው ይሻላል ብለን ተነሥተናል።

ነገሩ ለደብረ ማርቆስ ሰው እንግዳ አይደለም። ዱሮ አገረ ገዥ ሲለወጥ ምስለኔውም ጸሐፊውም እንዳይለወጡ ይሠጉ እንደ ነበር ከሽማግሌዎች ሰምተናል። በ1924 ዓ.ም. ራስ ኃይሉ ተሽረው ራስ እምሩ ሲሾሙ ከተማችን ያየችው ለውጥ የአንድ ሰው ለውጥ ብቻ አልነበረም። ስለዚህ አሠልጣኙ ረዳቶቹ ይነሡልኝ ሲሉ ሹም ሽሩ ትዝ ቢለን አያስደንቅም። ነገር ግን ምክንያታቸውን ሳንሰማ አንፍረድ።

የመጀመሪያው ምክንያት ኃላፊነት ነው። ቡድን ሲሸነፍ የሚሰናበተው ዋናው ነው፤ ጊዜውም አጭር ነው። አቶ ሰውነት ቢሻው ብሔራዊ ቡድናችንን ከ31 ዓመት በኋላ ለ2005 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ አበቁት፤ በዓመቱ በ2006 ዓ.ም. ተሰናበቱ። ከእሳቸው በኋላ ፖርቱጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ፥ ቀጥሎም ዮሐንስ ሳህሌ፥ ገብረ መድኅን ኃይሌ፥ አሸናፊ በቀለ፥ አብርሃም መብራቱ፥ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ውበቱ አባተ ተተኩ። በሰባት ዓመት ውስጥ ስድስት ሰው ማለት ነው። አንድ ዓመት ከጥቂት ወር ብቻ የሚሰጠው ሰው ዘዴውን ለማያውቅ ረዳት ከሀ ጀምሮ ለማስተማር ጊዜ ከየት ያመጣል?

ሁለተኛው ምክንያት መግባባት ነው። የአገራችን ገበሬ እንደሚያውቀው፥ የተላመዱ ሁለት በሬዎች ትልሙን ቀጥ አድርገው ያወጣሉ፤ ያልተላመዱት ግን እያንዳንዳቸው ብርቱ ቢሆኑም አራሹን ያደክማሉ። ለብዙ ዘመን አብሮ የሠራ ረዳት የዋናውን ዓይን አይቶ የሚፈልገውን ያውቃል።

ሦስተኛው ምክንያት ጥርጣሬ ነው። ነባሩ ረዳት በቀድሞው አሠልጣኝ የተመረጠ ነው፤ አንዳንዴም ቦታውን ራሱ ተመኝቶት ይሆናል። «ጌታዋን የተማመነች በግ ላቷን ከደጅ ታሳድራለች» ይባላል፤ ጌታዋ የሄደባት በግ ግን ላቷን መሰብሰቧ አይቀርም። አዲሱ ሰው ይህን ስለሚያውቅ በሙሉ ልቡ አያምነውም። በዚህ ላይ የወዳጅነት ውለታ ይጨመራል፤ ይህኛው ግን ምክንያት እንጂ ማስረጃ አይሆንም።

እንግዲህ አዲሱ አሠልጣኝ ያለ ምክንያት አልጠየቁም። ዳሩ ግን ዋጋውንም እንመልከት። በእንግሊዝ አገር የማንቸስተር ዩናይትድ አሠልጣኝ የነበሩት አሌክስ ፈርጉሰን በፈረንጆች አቆጣጠር 2013 ጡረታ ሲወጡ፥ የተተኩት ዴቪድ ሞይስ በእነ ማይክ ፊላንና በሬኔ ሜውለንስቲን ቦታ ከቀድሞ ቡድናቸው ከኤቨርተን ረዳቶቻቸውን አመጡ። አሥር ወር ሳይሞላቸው ራሳቸው ተሰናበቱ። የወደቁበት ምክንያት ይህ ብቻ ነው አንልም፤ ነገር ግን ቤቱን የሚያውቁት ሰዎች በጭንቁ ጊዜ አጠገባቸው አልነበሩም። በሊቨርፑል ግን ቢል ሻንክሊ በ1974 ሲለቁ ረዳታቸው ቦብ ፔዝሊ ተተኩ፤ የአውሮፓን ዋንጫ በ1977፥ በ1978ና በ1981 ሦስት ጊዜ ወሰዱ። ከፔዝሊም በኋላ ሌላው ነባር ረዳት ጆ ፌገን በ1984 ደገሙት።

አሁን ከሩቁ አገር ወደ ራሳችን ሜዳ እንመለስ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ትበልጣለች። ከቆላ የሚመጣ ተማሪ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትንፋሽ የሚያጥረው ሰነፍ ስለ ሆነ ሳይሆን አየሩ ስስ ስለ ሆነበት ነው። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ አሠልጣኝ መጥተው ነባሩን ረዳት ሲያነሡ፥ እኛም እጃችንን አውጥተን ተስማምተናል። በዚያው ሳምንት ከቆላ የመጣ አንድ ጓደኛችን ሩጫውን መጨረስ ቢያቅተው «ይህ ልጅ አይረባም» ተብሎ ከቡድኑ ወጣ። ቀድሞ የነበረው ረዳት ቢኖር ኖሮ «ሦስት ሳምንት ይታገሡት» ይል ነበር፤ በየዓመቱ ሲል ሰምተነዋልና። የማን ጉልበት እንደ ተጎዳ፥ ማን ቁርስ ሳይበላ እንደሚመጣ የጻፈበትን ደብተርም ይዞት ሄደ። የጠየቀው ሰው አልነበረም፤ እኛም አልጠየቅነውም። ያ ጓደኛችን ዳግመኛ ሜዳ አልረገጠም።

ስለዚህ ለጉባኤው የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። አንደኛ፥ አዲሱ አሠልጣኝ የሚያምኑትን አንድ ረዳት ይዘው ይምጡ፤ ይህ መብታቸው ይሁን። ሁለተኛ፥ ከነባሮቹ ሁለት ረዳቶች አንዱ ቢያንስ አንድ ዓመት ይቆይ፤ የትኛው እንደሚቆይ ሁለቱንም ካነጋገሩ በኋላ እሳቸው ይምረጡ። ሦስተኛ፥ የተጫዋቾች ደብተር የግለሰብ ሳይሆን የማኅበሩ ንብረት ይሁን። አራተኛ፥ የሚሰናበተው ሰው ስንብቱን ከማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አያንብብ፤ ፊት ለፊት ይነገረው፤ ምስጋናና የሚገባው ክፍያም ይሰጠው።

አሠልጣኙ ይህን አልቀበልም ቢሉ ሌላ ሰው ብንፈልግ ይሻላል እንላለን። ጓደኞቻችን ሆይ፤ ባለፈው ጊዜ እጃችንን ያወጣነው ሳንጠይቅ ነበር፤ ዛሬ ጠይቀን እናውጣ።