ዐሥራ አንደኛውን ዓመት ማን ያጥናልን?

(የድህረ ምረቃ ተማሪዎች፣ መምህራንና የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ ነዋሪዎች በተገኙበት ውይይት ላይ የቀረበ ንግግር)

ዛሬ ከሚናገሩት መካከል ከስሙ በፊት ማዕረግ የሌለው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ያለኝ የኮሌጅ ዲፕሎማና አንድ የማስታወሻ ደብተር ነው። በየትኛውም ጋዜጣ ተቀጥሬ አልሠራም፤ ጽፌ ባገኘሁት አድራለሁ። ስለዚህ ስለ ንድፈ ሐሳብ ላስተምራችሁ አልመጣሁም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሆንብኛል። የማውቀው ጥናቱ የሚካሄድበትን ሰፈር ነውና ስለዚያው ልናገር።

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ለአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የተመቹ ናቸው። ጠዋት በታክሲ ወጥቶ፣ መጠይቁን አስሞልቶ፣ ማታ ስድስት ኪሎ ይገባል። ርዕስም ሞልቷል። ከመሬቱ የተነሣ ገበሬ አለ። የአበባ እርሻ ሠራተኛ አለች። «ሕገ ወጥ ግንባታ» ተብሎ ቤቱ የፈረሰበት አባወራ አለ። ሰበታ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት፣ ገፈርሳ የአእምሮ ሕሙማን ማገገሚያ አለ። ለማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ ከዚህ ወዲያ ምን ይምጣለት? ነዋሪው ግን መጠይቅ የያዘ ወጣት ሲያይ «ደግሞ መጡ» ማለት ከጀመረ ቆየ።

ጥያቄዬ አንድ ነው። ይህ ሁሉ ሕዝብ ሲጠየቅ ኖሮ፣ የሰጠው መልስ የት ገባ?

ነገር በምሳሌ ነውና አንድ ልጥቀስ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ስለዚህ ገበሬው ሲነሣ የመሬቱን ዋጋ አያገኝም። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 የሰጠው በመሬቱ ላይ ላለው ንብረት ካሳ ነው፤ ለዘለቄታው ለተፈናቀለ ደግሞ ካለፉት አምስት ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢው በዐሥር ተባዝቶ የሚሰላ ካሳ።

የዐሥር ዓመት ገቢ! እስቲ አብረን እናስላው። በ2000 ዓ.ም. የተነሣ የአርባ ዓመት ገበሬ፣ ዐሥሩ ዓመት የሚሞላው በ2010 ዓ.ም.፣ በሃምሳ ዓመቱ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ አልነበረምና ጡረታ የለውም። ለልጁ የሚያካፍለው ማሳ የለውም። ብሩ በተቀበለበት ቀን ቆሞ ቀርቷል፤ የጤፍ ዋጋ ግን ቆሞ አልጠበቀውም። ታዲያ ይህ ሰው በዐሥራ አንደኛው ዓመት ምን በልቶ ያድራል? በቀድሞ ማሳው ላይ ለተሠራው ፋብሪካ ዘበኛ ሆኖ ይሆን? ልጆቹስ የት ደረሱ? እንግዲህ ማኅበራዊ ፖሊሲ ማለት ይኸው ነው። ሌላ ቋንቋ አያስፈልገውም።

በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1161 መጣ። ዐሥሩ ወደ ዐሥራ አምስት ከፍ አለ፤ ስሌቱም ባለፉት ሦስት ዓመታት ውስጥ ከተገኘው ከፍተኛ ዓመታዊ ገቢ ሆነ። በአዋጁ ስም ላይም «ተነሺዎች መልሰው የሚቋቋሙበት» የሚል ተጨመረበት። ይበል የሚያሰኝ ነው። ነገር ግን ቁጥሩ ከፍ አለ እንጂ ጥያቄው አልተመለሰም። በ2012 ዓ.ም. ለተነሣ ሰው ዐሥራ አምስቱ ዓመት በ2027 ዓ.ም. ይሞላል። ዕድሜ ከሰጠን ሁላችንም የምናየው ዘመን ነው። መልሶ ማቋቋምስ ቢሆን በአዋጅ ብቻ ይሆናል እንዴ? ቤት ለቤት ሄዶ ቤተሰቡን የሚያውቅ፣ የሚከታተል፣ የሚያማክር የሠለጠነ ባለሙያ ይፈልጋል።

ይህ ሙያ ደግሞ በአገራችን አዲስ አይደለም። የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1959 ነበር። በ1970ዎቹ አጋማሽ ደርግ ሲመጣ ትምህርት ቤቱ ራሱን ችሎ መቆሙ ቀረ። ተመልሶ በማስተርስ ደረጃ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው፤ ዶክትሬቱ በ2006 ተከተለ። በመካከሉ ሠላሳ ዓመት አለ! ሠላሳ ዓመት ሙሉ ረሀቡ፣ ጦርነቱ፣ ስደቱና ኤችአይቪው ሲፈራረቁብን አገሪቱ የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ቤት አልነበራትም። ሙያው ተመልሶ ሲቆም ደግሞ ሰባ በሠላሳ የሚባለው ምደባ መጣበት። ሰባው እጅ ለተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳው ለማኅበራዊ ሳይንስና ለሰብአዊ ጥናት። ፋብሪካውን የሚተክል መሐንዲስ ይብዛ፤ ፋብሪካው ስለተተከለበት ሰው የሚጠይቅ ይነስ እንደማለት ነው።

የቀሩት ጥቂቶቹስ ምን ይገጥማቸዋል? አንደኛ፣ ቁጥር የለም። የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ ሰበታም ቡራዩም ወደ ሃምሳ ሺሕ የሚጠጋ ሕዝብ ነበራቸው። ቀጣዩ ቆጠራ ተደጋግሞ ተራዘመ፣ እስከ ዛሬም አልተካሄደም። ሦስቱ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃለሉ፤ በዚያው ዓመት በከተማው ስለተካሄደው የቤት ፈረሳ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ድምፁን እስከ ማሰማት ደረሰ። ከተማ ይመሠረታል፣ ቤት ይፈርሳል፤ የሕዝቡን ብዛት ግን በእርግጠኝነት የሚነግረን የለም።

ሁለተኛ፣ የድጋፍ ደብዳቤ አለ። ተማሪው ከትምህርት ክፍሉ ደብዳቤ ይዞ ቀበሌ ይሄዳል። ቀበሌውም «እነ እገሌን አነጋግር» ይለዋል። ሹሙ የመረጠለት ሰው ሹሙን እየፈራ ይመልሳል። እንዲህ ያለውን መልስ ኮምፒዩተር ውስጥ ቢከቱት፣ በሠንጠረዥ ቢያስጌጡት፣ ፍርሃት ፍርሃት ነው እንጂ እውነት አይሆንም።

ሦስተኛ፣ ጊዜ የለም። የማስተርስ ተማሪ ለመስክ ሥራ የሚተርፈው ጥቂት ወራት ነው፤ ገበሬው የሚደኸየው ግን በዓመታት ነው። አንዱ ተማሪ በሁለተኛው ዓመት ያየውን ገበሬ ሌላው ተማሪ በስምንተኛው ዓመት ፈልጎ አያገኘውም። ሁሉም ከሀ ይጀምራል።

አራተኛ፣ ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ነው። የሰበታ ገበሬ በኦሮምኛ የተናገረው፣ የቡራዩ ተከራይ በአማርኛ ያስረዳችው፣ እንግሊዝኛ ሆኖ መደርደሪያ ላይ ይወጣል። በኢንተርኔትም ይለቀቃል፤ እሰየው! ግን ለማን? ባለጉዳዩ የራሱን ቃል አያነበውም።

ዋጋውን ደግሞ ከፍለናል። አዲስ አበባንና ዙሪያዋን ያገናኛል የተባለው የተቀናጀ ማስተር ፕላን በ2006 ዓ.ም. ተቃውሞ አስነሣ፤ በ2008 ዓ.ም. እንደገና ተቀጣጠለ። የሰው ሕይወት ከጠፋ በኋላ በጥር 2008 ዓ.ም. ዕቅዱ ተሰረዘ። ገበሬው «ከተነሣሁ በኋላ ምን እሆናለሁ?» ብሎ የሚጠይቀው ያን ጊዜ አልጀመረም። ጥያቄው በወቅቱ ተሰምቶ፣ ተጠንቶ፣ መልስ ቢያገኝ ኖሮ አደባባይ ለመውጣት ባልተገደደ ነበር። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ የሚባለው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ለመምህራን፦ ተማሪው ለዲፌንስ ከመቅረቡ በፊት የጥናቱን ፍሬ ነገር በሁለት ገጽ በኦሮምኛና በአማርኛ ጽፎ፣ የሰዎቹን ስም ሳይገልጽ፣ ጥናቱን ባካሄደበት ሰፈር በእድር ስብሰባ ላይ ያንብበው። ፈታኙም «ለጠየቅሃቸው ሰዎች መለስክላቸው ወይ?» ብሎ ይጠይቀው። ገንዘብ አያስወጣም። ሰውም «እኔ እንዲህ አላልኩም» የማለት ዕድል ያገኛል፤ ለጥናቱም ከዚህ የበለጠ ፈተና የለም። ትምህርት ክፍሎቹ ደግሞ ፈቃደኛ የሆኑ ተነሺ ቤተሰቦችን መዝግበው፣ መረጃውን በምስጢር ጠብቀው፣ እያንዳንዱ ተማሪ ከቀዳሚው ተቀብሎ ይቀጥል። አንድ ማስተርስ ዐሥራ አምስት ዓመት አያይም፤ ስምንት ተከታታይ ማስተርሶች ግን ያያሉ።

ለሹማምንት፦ ደብዳቤውን ተቀበሉ፣ ከዚያ በኋላ ከቃለ መጠይቁ ውጡ። እውነቱን ዛሬ ከተማሪ ወረቀት ላይ ብታነቡት ይሻላችኋል።

ለእናንተ ለአባቶችና ለእናቶች፦ መጠይቅ የያዘ ልጅ ሲመጣ አታባርሩት። ግን መልሱን ከመስጠታችሁ በፊት አንድ ነገር አስገቡት፤ «ውጤቱን መጥተህ ታነብልናለህ?» በሉት። ቃሉን ከሰጠ ቡና አፍሉለት።

ለእናንተ ለተማሪዎች፦ ከስማችሁ ፊት የሚጨመረው ማዕረግ በእነዚህ ሰዎች መልስ የተሠራ ነው። ዕዳ ነው ማለቴ ነው። ዕዳ ደግሞ ይከፈላል።