የመንደር ውኃና የመንደር ገንዘብ ያዥ



ስለ ገጠር የመጠጥ ውኃ ሲነገር ውይይቱ አብዛኛውን ጊዜ በቁጥር ተጀምሮ በቁጥር ይፈጸማል። ስንት ጉድጓድ ተቆፈረ፣ ስንት ምንጭ ጎለበተ ይባላል። ከሦስት ዓመት በኋላ ውኃ የሚሰጠው የትኛው ነው የሚለው ጥያቄ ግን እምብዛም አይነሣም። ለመሐንዲስ ክብደት ያለው ጥያቄ ይኸኛው ነው፤ ፓምፑ በቆመ ማግስት እናቶችና ልጆች ጀሪካናቸውን ይዘው የሚመለሱት ከብት ወደሚጠጣበት ወደ ቀድሞው ኩሬ ነውና።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1981 እስከ 1990 ያሉትን ዓመታት ለመጠጥ ውኃና ለንጽሕና አጠባበቅ በሰየመበት ዘመን ከተገኙት ፍሬዎች አንዱ፣ መንደርተኛው ራሱ ሊጠግነው የሚችል የእጅ ፓምፕ መሥራቱ ነው። በኢትዮጵያ ገጠር በስፋት የሚታየው አፍሪዴቭ የዚያ አስተሳሰብ ልጅ ነው። እስከ 45 ሜትር ጥልቀት ካለው ጉድጓድ ውኃ ያወጣል፤ የፒስተኑ ጎማና የታችኛው ቫልቭ ዋናው ቧንቧ ሳይነቀል በላይ በኩል ይወጣሉ፤ ለመፍታትም አንድ መፍቻ ይበቃል። እንዲህ ያለው መሣሪያ አንዲት ጎማ በማለቋ ለወራት ቆሞ ሲገኝ ጥፋቱን በብረቱ ላይ ማሳበብ አይቻልም። ጎማዋ በወረዳው ከተማ አትሸጥም፤ ብትሸጥም የመግዣው ገንዘብ በማን እጅ እንዳለ፣ የመግዛት ሥልጣንስ የማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

ለዚህ ጥያቄ ተግባራዊ መልስ ከሰጡት ሙከራዎች ዋነኛው እ.ኤ.አ. በ2003 በአማራ ክልል፣ በፊንላንድ መንግሥት ድጋፍ ይካሄድ በነበረው የገጠር ውኃ ፕሮግራም ውስጥ ተጀመረ። የመንደሩ ሕዝብ ቁፋሮ ከመታሰቡ በፊት የውኃ ኮሚቴ ይመርጣል፤ ኮሚቴውም ማመልከቻ ያቀርባል። ጥያቄው ሲጸድቅ የግንባታው ገንዘብ፣ በዚያን ጊዜ በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም በኩል፣ ለኮሚቴው ይለቀቅ ነበር። ሲሚንቶ የሚገዛው፣ ከግንበኛው ጋር የሚዋዋለው ኮሚቴው ነው፤ ወረዳው ይመክራል፣ ይቆጣጠራል። ሕዝቡም ድንጋይና አሸዋ ያቀርባል፣ በጉልበቱ ይሠራል፣ ለጥገና የሚሆን ገንዘብም ከወዲሁ ያጠራቅማል። እ.ኤ.አ. በ2011 ኮዋሽ የተባለው ፕሮጀክት ከተጀመረ ወዲህ አሠራሩ ወደ ሌሎች ክልሎችም ተስፋፍቷል።

በመጀመሪያ የተሰማው ተቃውሞ፣ ገንዘብ ለገበሬ ተሰጥቶ እንዴት ይሆናል የሚል ነበር። ይህ ስጋት ሰሚውን ሊያስገርም ይገባል። ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ሰይሞ ዕድሩን ያለ ማንም ተቆጣጣሪ የሚያስተዳድር ሕዝብ የሃያ ከረጢት ሲሚንቶ ሒሳብ አያቅተውም። እንዲያውም ከልጅነቷ ጀምሮ ውኃ የተሸከመች ሴት ገንዘብ ያዥ ስትሆን፣ የፓምፑ መዘግየት በትከሻዋ ላይ ስለሚያርፍ፣ ከማንም በላይ ለሣጥኑ ትጠነቀቃለች።

ብዙ ጊዜ የማይነገር ሌላ ጥቅምም አለ፤ ይኸውም የቁፋሮው ወቅት ነው። በአብዛኛው ደጋና ወይና ደጋ የከርሰ ምድር ውኃ እጅግ ዝቅ የሚለው ክረምቱ ከመግባቱ በፊት፣ በሚያዝያና በግንቦት ነው። በዚያን ጊዜ ተቆፍሮ ውኃ የተገኘበት ጉድጓድ ዓመቱን ሙሉ ያገለግላል ተብሎ ሊታመን ይችላል። የመሥሪያ ቤት ግዢ ግን ሐምሌ 1 ቀን የሚጀምረውን የበጀት ዓመት እንጂ የውኃውን ልክ አይከተልም። በጥቅምት የተቆፈረው ጉድጓድ ውኃው በቅርብ ስለተገኘ ብቻ ተጠናቀቀ ይባላል፤ በመጋቢት ግን ባዶ ይሆናል። መንደርተኛው የጎረቤቱ ጉድጓድ መቼ እንደሚደርቅ ስለሚያውቅ፣ ገንዘቡ በእጁ ከሆነ ቆፋሪውን በትክክለኛው ወር ይጠራል።

ይሁን እንጂ «የሕዝብ ባለቤትነት» የሚለው ቃል ለባለሙያው መሸሸጊያ ሊሆን አይገባም። በስምጥ ሸለቆ በብዙ ስፍራ የከርሰ ምድሩ ውኃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ገደብ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ፍሎራይድ ቀለምም ሽታም የለውምና የትኛውም ኮሚቴ በዓይኑ አይቶ ሊያውቀው አይችልም፤ ጥርስ ሲበልዝ፣ አጥንት ሲጎዳ ብቻ ይታያል። ውኃውን መርምሮ፣ የሚቆፈርበትን ቦታ መርጦ ማሳየት የመሐንዲሱና የላቦራቶሪው ግዴታ ነው። የመለዋወጫው ነገርም እንዲሁ ነው። አንድ መንደር በዓመት የሚፈልጋት ጎማ ለነጋዴ ትርፍ የላትም፤ የወረዳው መንደሮች ሁሉ ፍላጎት ተደምሮ በአንድ ሱቅ ወይም መጋዘን ካልተቀመጠ መፍቻውም፣ የሠለጠነው ጠጋኝም ሥራ ፈት ይሆናሉ። በመከር ጊዜ የሚሰበሰበው መዋጮ ጎማ ይገዛል፣ ለዘበኛውም ይከፍላል፤ የወረደ ጉድጓድ ለማጥለቅ ወይም ያረጀ ፓምፕ በሙሉ ለመተካት ግን አይበቃም፤ ይህ ወጪ ከወረዳው በጀት ውስጥ በስሙ ተለይቶ ሊያዝ ይገባዋል።