አጋታ ክሪስቲ የምርመራ ልብ ወለድ ደራሲ የሆነችው እንዴት ነው?

ደብተርና እርሳሳችሁን ይዛችሁ ተቀምጣችኋል? መልካም። እንጀምር።

ዛሬ የምናወራችሁ ስለ አንዲት ደራሲ ነው። ስሟ አጋታ ክሪስቲ ይባላል። አገሯ እንግሊዝ ነው። ልብ ወለድ ጽፋለች፤ ቲያትርም ጽፋለች። ከሁሉ ይበልጥ የታወቀችው ግን በምርመራ ልብ ወለዶቿ ነው። እንዲህ ያሉ 66 ረጃጅም ልብ ወለዶች ጽፋለች። መጻሕፍቷ ከመቶ በሚበልጡ ቋንቋዎች ተተርጉመዋል።

ታዲያ ይህች ሴት በልጅነቷ፣ በገዛ ቤተሰቧ መካከል፣ «ዘገምተኛዋ» ተብላ ትታወቅ ነበር። ነገሩ እንዴት ነው? ዘገምተኛ የተባለች ልጅ ይህን ሁሉ እንዴት ጻፈች? ዛሬ የምንመረምረው ይህንኑ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ፣ የምርመራ ልብ ወለድ ማለት ምን ማለት ነው?

እንቆቅልሽ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አንዱ «እንቆቅልሽ» ይላል። ሌላው «ምን አውቅልህ» ይላል። ከዚያ ያስባል። ካላወቀ አገር ይሰጣል። የምርመራ ልብ ወለድም እንደ ረጅም እንቆቅልሽ ነው። በታሪኩ ውስጥ አንድ ወንጀል ይፈጸማል። ሰው ይገደላል፤ ወይም ዕቃ ይሰረቃል። ማን እንዳደረገው አይታወቅም። ብዙ ሰዎች ይጠረጠራሉ። አንድ መርማሪ ይመጣል። ያያል፣ ይጠይቃል፣ ያዳምጣል። በየገጹ ትንንሽ ፍንጮች አሉ። አንባቢውም ከመርማሪው ጋር አብሮ ያስባል። ወንጀለኛው የሚታወቀው መጨረሻው ላይ ነው።

አሁን ወደ ደራሲዋ እንመለስ።

አጋታ የተወለደችው በ1890 ነው። የተወለደችበት ከተማ ቶርኪ ይባላል። በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ያለ የባሕር ዳር ከተማ ነው። እናቷ አንድ እምነት ነበራቸው። ልጅ ስምንት ዓመት ሳይሞላው ማንበብ መማር የለበትም ይሉ ነበር። ለዓይኑም፣ ለአእምሮውም የሚሻለው ይህ ነው ብለው ያምኑ ነበር።

ልጅቱ ግን ተረት ትወድ ነበር። ተረት ሲነበብላት ከሰማች በኋላ መጽሐፉን ትወስድና ገጹን ትመለከታለች። ከሞግዚቷ ጋር በመንገድ ስትሄድም ዝም አትልም። ከሱቁ በላይ የተጻፈው ምን ይላል? በማስታወቂያው ላይ ያለውስ? እያለች ትጠይቃለች። እንዲህ እንዲህ እያለች፣ ማንም ሳያስተምራት፣ አምስት ዓመት ሳይሞላት ማንበብ ቻለች። ሞግዚቷም እንዳጠፋ ሰው እየፈራች ነገሩን ለእናቲቱ ነገረች።

ልብ በሉ። አጋታ የተማረችው ቃሉን በመልኩ ነው እንጂ ፊደሉን አንድ በአንድ ለይታ አይደለም። በዚህ ምክንያት ፊደል መሳት ዕድሜዋን ሙሉ አልተዋትም። ታላቅ ደራሲ ከሆነች በኋላም ቃላትን አሳስታ ትጽፍ ነበር። እናንተም ስትጽፉ ፊደል ብትስቱ ተስፋ አትቁረጡ። አርሙና ቀጥሉ።

«ዘገምተኛዋ» የተባለችው ለምንድን ነው? እናቷና እኅቷ ፈጣኖች ነበሩ። ነገር ሲነሣ ወዲያው መልስ ይሰጣሉ። አጋታ ግን ታስባለች። ቃል ፈልጋ እስክታገኝ ድረስ ጨዋታው አልፎ ይሄዳል። በቤት ውስጥ በክፋት የነገራት የለም። እርሷ ግን ራሷን እንደዚያ ታየው ነበር።

መጻፍ የጀመረችው ደግሞ ታማ በተኛችበት ጊዜ ነው። ልጃገረድ ሳለች ኃይለኛ ጉንፋን ያዛትና አልጋ ላይ ዋለች። ሥራ መፍታት ሰለቻት። እናቷ ታሪክ ለምን አትጽፊም አሏት። አልችልም አለች። ሳትሞክሪው እንዴት ታውቂያለሽ ብለው ደብተር አመጡላት። ጻፈች። ለመጽሔቶች ላከች። መጽሔቶቹም መለሱባት። ሌላ ጻፈች። እርሱም ተመለሰ።

ቀጥሎ አንድ ሙሉ ልብ ወለድ ጻፈች። ታሪኩ የሚፈጸመው በግብፅ፣ በካይሮ ከተማ ነው። ይህንንም የሚያሳትምላት አጣች። ነገር ግን በጎረቤት ኤደን ፊልፖትስ የተባለ የልብ ወለድና የቲያትር ደራሲ ይኖር ነበር። ጽሑፏን አነበበላት። ስትጽፊ ምክርና ተግሣጽ አታብዢ፤ ሰዎቹ ራሳቸው ይናገሩ አላት። ይህ ምክር በኋላ ለልብ ወለዷም ለቲያትሯም ጠቀማት።

እንግዲህ እስካሁን የምርመራ ልብ ወለድ አልጻፈችም። ወደዚያ ያመጧት ሦስት ነገሮች ናቸው።

አንደኛው የእኅቷ ንግግር ነው። አጋታና ታላቅ እኅቷ የምርመራ ታሪክ ማንበብ ይወዱ ነበር። አንድ ቀን ስለ አንድ መጽሐፍ ሲጫወቱ፣ አጋታ እኔም እንዲህ ያለ ነገር ብጽፍ ደስ ይለኛል አለች። እኅቷ ግን በጣም ከባድ ነውና አትችይውም አለቻት። ይህች ቃል በልቧ ቀረች።

ሁለተኛው ሥራዋ ነው። በ1914 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ተነሣ። አጋታ በከተማዋ በቀይ መስቀል ሆስፒታል ቁስለኛ ማስታመም ጀመረች። በኋላም ወደ መድኃኒት ክፍል ተዛወረች። በዚያ መድኃኒት መመጠን፣ መቀመምና ማደል ተማረች። ፈተናም አለፈች።

በዚያ የተማረችው ትልቅ ነገር ይህ ነው። መድኃኒትና መርዝ ሩቅ ለሩቅ አይደሉም። ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ናቸው። ትንሹ ያድናል፤ ብዙው ይገድላል። ልዩነቱ መጠኑ ላይ ነው።

አንድ ቀን የሆነውን እንንገራችሁ። አጋታ በአንድ መድኃኒት ቀማሚ ዘንድ ትለማመድ ነበር። ሰውየው ዐዋቂ የሚባልና በራሱ የሚተማመን ነው። መድኃኒት ሲቀምም እርሷ ቆማ ታያለች። ሒሳቡን ስትመለከት ነጥቧ ከቦታዋ ፈቀቅ ብላለች። አንዲት ነጥብ! ለምሳሌ 0.01 በሚጻፍበት ቦታ 0.1 ቢጻፍ፣ መድኃኒቱ ከሚገባው ዐሥር እጥፍ ይሆናል።

ምን ታድርግ? እርሷ ገና ተማሪ ናት። እርሱ አስተማሪዋ ነው። ተሳስተሃል ብትለው የሚሰማት አልመሰላትም። ዝም ብትል ደግሞ ሰው ይጎዳል። ስለዚህ ዘዴ ፈለገች። የተሰናከለች መስላ መድኃኒቱን መሬት ላይ ጣለችው። በእግሯም ረገጠችው። ከዚያ ይቅርታ ጠየቀች። የተሳሳተው መድኃኒት በሽተኛው ዘንድ ሳይደርስ ቀረ።

አያችሁ? ፈጣኑ ሰው ያላየውን ዘገምተኛዋ አየች።

በመድኃኒት ክፍሉ አንዳንድ ቀን ሥራ ይበዛል። አንዳንድ ቀን ደግሞ ሥራ ይጠፋል። እንዲህ ባለው ጊዜ አጋታ ተቀምጣ ታስባለች። የእኅቷ ቃል ትዝ ይላታል። ዙሪያዋን የመርዝ ጠርሙሶች ተደርድረዋል። ታዲያ በታሪኬ ውስጥ ሰው የሚሞተው በምንድን ነው ብላ ስታስብ፣ መልሱ ከፊቷ ነበር። በመርዝ ነዋ! ስለ ጠመንጃ ብዙም አታውቅም። ስለ መርዝ ግን ታውቃለች።

ሦስተኛው ነገር ጎረቤቶቿ ናቸው። ያን ጊዜ የጀርመን ጦር ቤልጅግን ወርሮ ነበር። ብዙ ቤልጅጎች ተሰደው ወደ እንግሊዝ መጡ። በአጋታ ሰፈርም ይኖሩ ነበር። እርሷም አሰበች፤ ከስደተኞቹ መካከል አንዱ በአገሩ ፖሊስ የነበረ ሰው ቢሆንስ? መርማሪዋ በዚህ ዓይነት ተወለደ። ስሙን ኤርኩል ፑዋሮ አለችው። አጭር ነው፤ ጢሙን በጣም ይንከባከባል። ጡንቻ የለውም፤ አእምሮ ግን አለው። ይህ ሰው በኋላ በዓለም የታወቀ መርማሪ ሆነ።

እንግዲህ ሦስቱን ቁጠሩ። የእኅት ቃል፣ የዕለት ሥራ፣ የሰፈር ስደተኛ። ሦስቱም ከሩቅ የመጡ አይደሉም።

መጻፉ ቀላል አልነበረም። ታሪኩ እየተወሳሰበ አስቸገራት። በመጨረሻ የሁለት ሳምንት ዕረፍት ወስዳ፣ ዳርትሙር ወደሚባል ገላጣ የኮረብታ አገር ሄደች። ጠዋት ጠዋት ትጽፋለች። ከሰዓት በኋላ ብቻዋን በእግሯ ትሄዳለች። እየሄደችም የታሪኩን ሰዎች ንግግር ድምፅ አውጥታ ትናገራለች። ያያት ሰው ምን ይል ይሆን! እንዲህ አድርጋ ጨረሰችው።

ለአሳታሚ ላከች። ተመለሰባት። ለሌላ ላከች። እርሱም መለሰ። እንደገና ላከች፤ እንደገና ተመለሰ። ቀጥሎ የላከችለት አሳታሚ ሁለት ዓመት ያህል ዝም አለ። እርሷም ረሳችው። በመጨረሻ ተጠራች። የመጨረሻውን ምዕራፍ ለውጪ ተባለች፤ ለወጠች። መጽሐፉ በ1920 በአሜሪካ፣ በ1921 መጀመሪያ ላይ በእንግሊዝ ወጣ። ያገኘችው ገንዘብ 25 ፓውንድ ብቻ ነበር። ከሁሉ ይበልጥ ደስ ያላት ግን የመድኃኒት ባለሙያዎች መጽሔት ስለ መጽሐፏ የጻፈው ነው። መርዙን በትክክል ታውቀዋለች ብሎ አመሰገናት።

ወደ ቲያትርስ እንዴት ገባች? በ1926 የወጣ አንድ ልብ ወለዷን ሌላ ሰው ወደ ቲያትር ለወጠው። አለዋወጡን አልወደደችውም። እንግዲያውስ ራሴ እጽፋለሁ አለች። የመጀመሪያ ቲያትሯ በ1930 ታየ።

ሬዲዮም በታሪኳ ውስጥ አለ። በ1947 የእንግሊዝ ንጉሥ እናት ንግሥት ሜሪ 80 ዓመት ሞላቸው። ለልደታቸው ከአጋታ ክሪስቲ አንድ የሬዲዮ ድራማ መስማት ፈለጉ። አጋታ አጭር ድራማ ጻፈች። በኋላ አስፋፍታ «የአይጥ ወጥመድ» የተባለ ቲያትር አደረገችው። ቲያትሩ በኅዳር ወር 1952 በለንደን ተከፈተ። እስከ 2020 ድረስ በለንደን ያለማቋረጥ ታየ። በዚያ ዓመት በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ቆመ፤ በ2021 እንደገና ተጀመረ። ቲያትሩ ሲያልቅ ተመልካቹ አንድ አደራ ይቀበላል። ገዳዩ ማን እንደሆነ ውጭ እንዳይናገር! አጋታ ክሪስቲ በ1976 በ85 ዓመቷ ዐረፈች።

ውድ አድማጮች፣ ይህን ሁሉ የነገርናችሁ ለምንድን ነው?

ከእናንተ መካከል ገና ቃል በቃል፣ ፊደል በፊደል የሚያነብ አለ። ልጁ ሲሮጥበት እርሱ ይድሃል። በዚህም ያፍራል። ስሙ እንግዲህ። የምርመራ ልብ ወለድ ደራሲ ፍንጩን ጉድጓድ ቆፍሮ አይቀብረውም። ከፊታችን ያስቀምጠዋል። በደብዳቤ ላይ ያለ ቀን፣ በጠርሙስ ላይ ያለ ጽሑፍ፣ አንድ ሰው የተናገራት ትንሽ ቃል ትሆናለች። የሚቸኩል አንባቢ ይዘላታል። ዝግ ብሎ የሚያነብ ያገኛታል።

ይህ በመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ከጤና ጣቢያ የተሰጣችሁ መድኃኒት ላይ ጽሑፍ አለ። ስንት ክኒን? በቀን ስንት ጊዜ? ለትልቅ ነው ለሕፃን? እዚያ ላይ ፍጥነት ዋጋ የለውም። ቁጥሩን አይቶ፣ ደግሞ አይቶ ማንበብ ነው የሚያድነው። የብድር ወረቀትም፣ የውል ወረቀትም እንዲሁ ነው። ቀስ ብሎ ማንበብ ነውር አይደለም። ሳያነቡ መፈረም ግን አደጋ ነው።

ለሚመጣው ሳምንት አንድ ሥራ እንስጣችሁ። በየቀኑ ከምትሠሩት ሥራ፣ ሌላ ሰው የማያውቀውን እናንተ ግን የምታውቁትን አንድ ነገር አስቡ። ሸማኔው ስለ ድሩ፣ ገበሬው ስለ በሬው፣ እመቤቲቱ ስለ ጠላ ጥንስሷ። ያንን በአምስት መስመር ጻፉ። ፊደል ብትስቱ አትጨነቁ። ከጻፋችሁ በኋላ ለጎረቤታችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። አጋታ ክሪስቲም የጀመረችው ከምታውቀው ነው።

የዛሬው ንግግራችን በዚህ አበቃ።